ስለ ሕዋ መርከቧ ካፒቴንና ስለ ሉጥፊያ መታወቂያ

ለክቡር አቶ ማዘንጊያ
በአርካዊት የወገን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ካርቱም

ግንቦት 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር፣

ባለፈው ዓርብ ሁለት የኮሚቴ አባላት ሉጥፊያ በቤት ሠራተኝነት ወደምትኖርበት ዐማራት ሰፈር ሄደው የማኅበሩን መታወቂያ ተቀብለዋታል። በሰጧት ወረቀት ላይ የሰፈረው ምክንያት «በሕዋ መርከብ ፊልም አማካይነት አመራሩን ማዋረድና ሕዝብን ማሸበር» የሚል ነው።

ይህን ካስቀደምኩ በኋላ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ፤ በዚህ ሐሩር ወገብዎ ላይ ያለ ዕረፍት ለሚውሉት ቁልፎችም ብርታቱን ይስጣቸው እላለሁ። ደብዳቤውን በአዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ከእርስዎ ጋር ፊት ለፊት መነጋገርን ንቄ እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ወደ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ ተቆልፎ አገኘሁት።

በዕለቱ አዳራሽ ያልነበሩ አባላት ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት፣ እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ልማዳችንን ባጭሩ እንዳስታውስ ይፍቀዱልኝ። ሉጥፊያ የባቲ ልጅ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሌሎቻችን የዕረፍታችንን ቀን ተቀምጠን ስናሳልፍ፣ እሷ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ ከፊልሙ ግርጌ የሚያልፈውን የዓረብኛ ጽሑፍ እያነበበች በአማርኛ ትነግረናለች። ተዋናዩ ሲቆጣ ትቆጣለች፣ ሲያለቅስ ድምፅዋ ይሰበራል፣ ሲያስነጥስም ታስነጥሳለች። የፈረንጆቹ ስም ደግሞ ጆሯችን ላይ ስለማይረጋ፣ ፊልሙ ብዙ ሳይሄድ ሕዝቡ ራሱ ለእያንዳንዱ ሰው ከመካከላችን የአንዱን ስም ያወጣለታል። ስሙን የሚያወጣው ወንበር ላይ ያለው ሕዝብ ነው፤ ሉጥፊያ የወጣውን ይዛ ትቀጥላለች እንጂ አትመርጥም፣ ፊልሙ ሳያልቅም አትቀይርም።

በዚህ ልማድ ከማናችንም በላይ የተጠቀሙት እርስዎ ነዎት። የሕንዱን ንጉሥ «ማዘንጊያ» ስንለው ምስጋናዎን በእጅዎ ሰላምታ ገልጸውልናል። የልብ ቀዶ ጥገና የሠራውን ሐኪም «ማዘንጊያ» ስንለው ደግሞ በማግስቱ ስለ ደም ግፊት ምክር ሲሰጡ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ አንድም አባል መታወቂያውን አልተነጠቀም።

ግንቦት 13 ቀን የታየው ካሴት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለው ከሂሻም የቪዲዮ መደብር የተከራየነው ነው። ልባሱ ስለጠፋ ርዕሱን ማንም አያውቀውም። ታሪኩ ውሃ ለተጠማ ከተማ ከሩቅ ዓለም በረዶ ጭና ስለምትመለስ አንዲት የሕዋ መርከብ ነው። በበረዶው ውስጥ አንድ ክፉ ፍጡር ተኝቷል። በረዶው ሲቀልጥ ይነቃል፤ ዓይን የለውም፣ ጆሮም የለውም፣ የሚያድነው ሙቀት ብቻ ነው፤ የሰው ገላ ሙቀት ባለበት ሁሉ በቧንቧ ውስጥ እየተሳበ ይደርሳል። አዳራሹ ውስጥ ላብ ከግንባራችን እየጠረግን ስለነበር፣ አንዷ እህታችን «ካርቱም ቢመጣ በጥጋብ ይሞት ነበር!» ስትል እርስዎም ከሁላችን ጋር ስቀዋል።

ካፒቴኑ መጀመሪያ የታየው በመርከቧ ረጅም መተላለፊያ ውስጥ ብቻውን ሲሄድ ነው። በየበሩ ይቆማል፣ እጀታውን ይይዛል፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ሳብ ያደርጋል፣ ያልፋል። ከኋላ «ጋሽ ማዘንጊያ! ወላሂ፣ ራሳቸው ናቸው!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለው፤ እርስዎም ከፊተኛው ወንበር ከፍ ብለው በግራም በቀኝም እጅ ነሡ። የመርከቧ ወጥ ቤት ሠራተኛ በሰው ብዛት መካከል ተቀምጣ በነበረችው በጸሐይወርቅ ስም ተጠራች፤ ምክንያቱም የማኅበሩን ድግስ ሁሉ የምታበስለው እሷ ናት። ለፍጡሩ ስም ሲታጣ መካኒኩ ኑርሁሴን «ከሻ በሉት» አለ፤ ማንም አልተቃወመም። ከሻ የምንለው የፖሊስ አፈሳ በምን መንገድ መጥቶ የት እንደሚደርስ እንደማይታወቅ ሁሉ የፍጡሩም አመጣጥ እንደዚያው ነበር።

የዚያን ቀን ስሕተት እንግዲህ ይኸው ነው፤ የሁላችንም ስሕተት ነው። ካፒቴኑ መጨረሻ ላይ የሚሠራውን ሳናይ ስም አወጣንለት።

ወደ ክሶቹና ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ «ሕዝብን ማሸበር» ስለሚለው። ፍጡሩ በቧንቧው ብቅ ባለ ቁጥር አዳራሹ «ከሻ መጣ! ከሻ መጣ!» እያለ መጮኹ እውነት ነው። ደጅ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው ዘሃራ ይህን በመስኮት ሰምታ ከሰሏን፣ ብርጭቆዎቿንና ደንበኞቿን ትታ በጓሮ በኩል መዝለሏም እውነት ነው። ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ በገዛ አገራቸው የሚፈሩት ነገር ሳይኖር፣ ከእሷ ኋላ ብዙ ከሮጡ በኋላ ቆመው «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ እኛ ለምንድን ነው የምንሮጠው?» ብለው መጠየቃቸውን ራሷ ዘሃራ እየሳቀች ነግራናለች። ሆኖም መስኮቱ የተከፈተው የአዳራሹ ብቸኛ ማራገቢያ ወደ አንድ ወንበር ብቻ ዞሮ ስለታሰረ መሆኑን ኮሚቴው በመዝገብ እንዲያሰፍርልን እጠይቃለሁ። ወንበሩ የማን እንደሆነ መጻፉ አስፈላጊ አይመስለኝም። ስሙን ያወጣው ኑርሁሴን፣ የጮኽነውም እኛ ሆነን ሳለ፣ ለሁላችን ጩኸት አንዲት ሴት ብቻ እንድትጠየቅ በማድረግዎ ስለ ቆጣቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ «አመራሩን ማዋረድ» ስለሚለው። እዚህ ላይ ሚያዝያ ውስጥ የሆነውን ነገር ማንሣቴ ግድ ነው። ጸሐይወርቅ የጉዞ ወረቀቷን ከያዙባት አሠሪዎቿ ቤት ትኩሳት ይዟት ወጥታ፣ ማኅበሩ ሥራ ላጡ እህቶች ብሎ የተከራየውን ክፍል አንኳኳች። መታወቂያዋ ከወረቀቷ ጋር እዚያው ቤት ቀርቶ ነበር። እርስዎ ከውስጥ ሆነው፣ መታወቂያ ያልያዘ አይገባም፣ ክፍሉ ውስጥ ላሉትም ጠንቅ ያመጣል አሉ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለች የአፈሳው መኪና መጥቶ አነሣት። ዋስ ሆኖ ያስወጣት ማኅበሩ አይደለም። ካሴቶቻችንን እየመለሰችለት የሚያውቃት የቪዲዮ መደብሩ ባለቤት ሂሻም ሄዶ ፈረመላት፤ ዛሬ በእናቱ ቤት ትሠራለች። ለፊልም ስትመጣ ግን የማኅበሩ በር ላይ መታወቂያ አልተጠየቀችም፤ የመግቢያውን መክፈሏ በቂ ነበር። ስለዚህ መስተንግዶም በእሷ ስም አመሰግናለሁ።

በፊልሙ ውስጥ ከመርከቧ ሠራተኞች ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ የተረፉት በአንዲት ክፍል ይሰበሰባሉ። ወጥ ቤቷ ከዕቃ ግምጃ ቤት ምግብ ልታመጣ ወጥታለች። ስትመለስ በሩ ተዘግቷል፤ ታንኳኳለች። ካፒቴኑ ከውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። የዓረብኛው ጽሑፍ ከታች መጣ፤ ሉጥፊያ አነበበችውና ዝም አለች። ሁለተኛው ጽሑፍ መጣ፤ አሁንም ዝም አለች። «ምነው? እያለፈ ነው እኮ!» አለ አንዱ፤ «ያላ ሉጥፊያ፣ ምላስሽን ከሻ በላው እንዴ?» አለ ኑርሁሴን። ሉጥፊያ እርስዎን አየች፣ ከዚያ ጸሐይወርቅን አየች፣ አንገቷን ደፋች። በዚህ ጊዜ ከወንበርዎ ዞር ብለው፣ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ «ያለውን ተናገሪ እንጂ! ማኅበሩ የተከራየው ፊልም ነው፣ አንድ ቃል እንዳትዘይብን!» ያሏት እርስዎ ነዎት። ይህ ትእዛዝ በክሱ ወረቀት ላይ ተዘሎ አግኝቼዋለሁ።

ታዛዥ አባል ናትና ተናገረች። ድምፅዋን እንደወትሮው አላሳመረችውም፤ በራሷ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋ፣ «ማዘንጊያ እንዲህ አለ፤ በሩ አይከፈትም። ጸሐይወርቅን እኔ አውቃታለሁ፤ ደንቡ ግን አያውቃትም» አለች። ከዚያ የወጥ ቤቷ መዳፍ በበሩ ክብ መስታወት ላይ ተለጠፈ። መብራት ጠፋ።

ሦስተኛ፤ ወረቀቱ «የፊልሙን መጨረሻ ከራሷ ፈጥራ» ይላል። በዚህ ከተማ መብራት ፊልም እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀሪውን ሉጥፊያ ከራሷ አውጥታ እንድትጨርስልን ደንባችን ነው። ካየናቸው ፊልሞች ስንቶቹን እሷ እንደጨረሰቻቸው ባለቤቶቻቸው ቢያውቁ ይገርማቸው ነበር። ያን ቀንም አዳራሹ «ጨርሺልን!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን «አላይሁትም። በሰው ስም ያላየሁትን አልናገርም» ብላ ተቀመጠች። ኮሚቴው ፈጠረች ብሎ የከሰሳት፣ አልፈጥርም ያለችበትን ብቸኛ ቀን መርጦ ነው፤ ስለ ምርጫው ትክክለኛነት አድናቆቴን እገልጻለሁ።

በጨለማው ውስጥ የተናገረችው ሌላ ሰው ናት። ጸሐይወርቅ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «ከበሩ ወዲያ ያለውን እኔ ልጨርስላችሁ፣ እሱን አውቀዋለሁ» አለች። ቃሏን እንዳስታወስኩት ላስፍረው። «መጀመሪያ ውስጥ ሰው የሌለ ይመስልሻል። ከዚያ የቁልፍ ድምፅ ትሰሚያለሽ። ሊከፈትልሽ ነው ብለሽ ደስ ይልሻል፣ ነጠላሽን ታስተካክያለሽ። ቁልፉ ይዞራል። በሩ ግን አይንቀሳቀስም። ያኔ ነው እየተቆለፈብሽ እንደነበር የሚገባሽ።»

 ሙቀቱ ከብዶ፣ ልብስ ከገላ ተጣብቆ፣ ሁሉም ባለበት ደርቆ ቀርቶ ነበር። በዚያ ጸጥታ መካከል ከፊት በኩል የቁልፍ ዘለላ ተንሿሿ። አጠገቤ የነበረችው እህት ክንዴን ይዛ ጨመቀችው። እርስዎ ነበሩ፤ ሊወጡ ተነሥተው ነበር።  ሕዝቡ እርስዎን ሰድቧል የሚል ካለ፣ በዚያ ሰዓት አንድም ሰው ቃል አለመተንፈሱን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ፤ እንዲያውም አንድ ሰው ቢሳደብ ሁላችንንም በቀለለን ነበር።

ሉጥፊያ የተቀጣችው እንግዲህ ጸሐይወርቅ በተናገረችው ነው። ለምን ሲባል፣ ከጸሐይወርቅ የሚነጠቅ መታወቂያ አልተገኘም። ይህን ስሌት የሠራው የኮሚቴ አባል ማን እንደሆነ ቢነገረን በስሙ ፊልም ውስጥ ጥሩ ሰው እንፈልግለታለን።

አራተኛ፤ ስለ አወሳሰዱ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት መታወቂያውን የተቀበሏት የአሠሪዎቿ ደጃፍ ላይ፣ በር አንኳኩተው፣ ከመንገድ እየታዩ ነው። አሠሪዋ ሲት ሐምዲያ በሩ ድረስ ወጥተው «ምን ሠርቃ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። የኮሚቴው አባላት በዓረብኛ የሰጡት መልስ «ፊልም» የሚል ብቻ ስለነበር፣ ሲት ሐምዲያ እስከ ዛሬ የትኛው ፊልም ከቤታቸው እንደጠፋ እየፈለጉ ናቸው። በደግነት የሚታወቁ ሴት ናቸው፤ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሲወጡ ሳሎኑን ይቆልፋሉ። በአንድ ጉብኝት ሁለተኛ ባለቁልፍ ስላፈሩልን ደስ ሊልዎ ይገባል።

መታወቂያው ምን እንደሆነ እርስዎን ማስረዳት አይገባኝም፤ ሰሌዳውን ለሚያነብ እንግዳ ግን ልናገር። በጀርባው የማኅበሩ ስልክ አለ። የአፈሳው መኪና ሲቆም እህቶቻችን እሱን ያሳያሉ፣ ይደወላል፣ ከማኅበሩ ሰው ሄዶ «የእኛ ናት» ይላል። ያን ካርድ ያልያዘች ሴት ብቻዋን መንገድ ላይ ያለች ሴት ናት። ስለዚህ ሉጥፊያ ከዓርብ ጀምሮ ከግቢ አልወጣችም። ዳቦ ሲያስፈልግ የጎረቤት ዘበኛ ትለምናለች። ትናንት ስልክ ስደውልላት፣ በመካከል ከመንገድ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ንግግሯን አቋረጠች፤ ድምፁ እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሿን ብቻ እየሰማሁ ጠበቅሁ። ካለፈ በኋላ «የቆሻሻ መኪና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ካቋረጠችበት ቀጠለች። ይህች በየሳምንቱ ስንቱን ጭራቅ በአማርኛ ስታናግርልን የነበረች ሴት ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ግን ስለ መጥሪያው ነው። ኮሚቴው ጉዳይዋን የሚወስነው በመጪው ዓርብ በአርካዊቱ አዳራሽ በሚደረገው ስብሰባ ሲሆን፣ ተከሳሿ «በአካል ካልቀረበች መታወቂያው እንደተሰረዘ ይቆጠራል» ይላል። ከዐማራት እስከ አርካዊት በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ያለውን መንገድ ማለፍ አለባት፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ የአፈሳው መኪና እዚያ መንገድ ላይ መቆም እንደሚወድ ከማኅበሩ ሊቀመንበር የሚሰወር አይደለም። እንግዲህ መታወቂያ እንዲመለስላት፣ መታወቂያ ሳትይዝ መምጣት ይኖርባታል። ብትያዝ፣ ፖሊሱ ለማኅበሩ የሚደውልበት ቁጥር ያለው በተቀማችው ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱ ያለው በካዝናዎ ውስጥ ነው፤ የካዝናው ቁልፍ ያለው በወገብዎ ላይ ነው። ባትመጣ ደግሞ ይሰረዛል። እንዲህ ዓይነት መተላለፊያ የሕዋ መርከቧን የሠሩት ሰዎች እንኳ አላሰቡትም።

ጸሐይወርቅ ዐማራት ሄዳ እሷን ይዛ ለመምጣት ወስናለች። ይህን ስሰማ «አንቺም እኮ ካርድ የለሽም» አልኳት። «አውቃለሁ፤ መንገዱን ግን ለምጄዋለሁ» ብላ መለሰችልኝ። ሌሎች እህቶችም ካርዳቸውን ይዘው ከፊትና ከኋላ እንዲሄዱ ተነጋግረዋል። እርስዎ በማኅበሩ መኪና ሄደው ሊያመጧት እንደሚችሉ መጠቆም ድፍረት ስለሚሆንብኝ አልጠቁምም።

አምስተኛና መጨረሻ፤ ካሴቱም በካዝናው ውስጥ ነው። ከውሳኔው በፊት መብራት ካለ ቀሪውን ለጉባኤው እንዲያሳዩ፣ ሉጥፊያም እንድትተረጉመው እንዲፈቅዱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰው በፊልም ከተከሰሰ ፊልሙ መታየት ያለበት ይመስለኛል።

ማራገቢያዎን እንዳልጋርድ ወደ ጎን ፈቀቅ ብዬ፣ ድምፄ እንቅልፍዎን እንዳይነካ ዝቅ አድርጌ፣ ለበሮቻችን ሁሉ ስላሳዩት ጽኑ ጥበቃ ምስጋናዬን እየደጋገምኩ፣ የክቡርነትዎ አክባሪና ለጊዜው ባለመታወቂያ አባል ሆኜ እቀራለሁ።

ሙሄዲን ይማም

ግልባጭ፦
ለኑርሁሴን፣ ወደፊት ስም ሲያወጣ እንዲጠነቀቅ፤
ለዘሃራ፣ በሚቀጥለው ጩኸት እንዳትሮጥ፤
ለሲት ሐምዲያ፣ ከቤታቸው የጠፋ ፊልም አለመኖሩን እንዲያውቁ።

ማስታወሻ፦ ሂሻም ካሴቱ እንዲመለስለት ሰላምታ ልኮልዎታል። መጨረሻውን እሱ አይቶታልና ጠየቅሁት። ፍጡሩ ከወጥ ቤቷ ጋር አልነበረም አለኝ፤ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ነበረ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ተፋፍጎ ያሞቀውን ክፍል ሽቶ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ይህንን መጀመሪያ የሚገነዘበው ካፒቴኑ ራሱ ነው። ወደ በሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ቁልፉን ያወጣል፣ በሩን በገዛ እጁ ይከፍታል፣ ወጥ ቤቷንም ይቅርታ ይጠይቃታል። ክቡር ሊቀመንበር፣ አባላቱ ማዘንጊያን በሩን ሲዘጋ ብቻ አይተው የቀሩት ቀሪውን እርስዎ በካዝናዎ ቆልፈው ስለያዙት ነው። ስብሰባው ዓርብ ግንቦት 27 ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው።